ሃምሳ ስምንት መንጋጋ

ማክሰኞ ጠዋት የሽካቢል መንደር የመሬት ማኅበር ሊቀመንበር ዶን ጉመርሲንዶ ቱስ የጽሕፈት ቤቱን የኋላ ክፍል ከፍቶ ሲገባ ክው ብሎ ቀረ። አራት ዓመት ሙሉ ሲጠራቀም የኖረው የአጋዘን መንጋጋ የለም። የበሩ ቁልፍ አልተሰበረም፣ መስኮቱ አልተነካም፣ የቁም ሣጥኑ መሳቢያዎችም አንድ በአንድ ተዘግተዋል። ሊቀመንበሩ መጀመሪያ አማተበ፣ ቀጥሎ ተሳደበ፣ በመጨረሻ ፖሊስ ጠራ።

ኢንስፔክተር አንሰልሞ ኡይካብ ከከተማ ሲደርስ ግማሹ መንደር በሩ ላይ ተኮልኩሎ ነበር። ሰው ቢገደል እንኳ እንዲህ አይሰበሰብም። ግንቦት ነው፤ ማሳው ተመንጥሮ ተቃጥሏል፣ ዝናቡ ገና አልመጣም፣ ስለዚህ ለወሬ የሚሆን ጊዜ ሞልቷል።

«አንድም አልተረፈም?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ሦስት ቀርቷል። ከስድሳ አንዱ ሃምሳ ስምንቱ የለም።»

አንሰልሞ ከመሳቢያዎቹ ፊት ተንበረከከ። እያንዳንዱ መንጋጋ ላይ ቢጫ የፕላስቲክ ቁጥር በቀጭን ሽቦ ይታሰርበት ነበር። አሁን ቁጥሮቹ ብቻ በየተራቸው ተደርድረው ቀርተዋል። ሽቦዎቹ ደግሞ በአንድ ባዶ የሰርዲን ቆርቆሮ ውስጥ ተሰብስበዋል። አንዱን አንሥቶ ዳሰሰው፤ አልተቆረጠም፣ ጥምዝምዙ ተፈትቶ ነው የወጣው። የቸኮለ ሌባ ይቆርጣል። ይኼኛው ግን ተረጋግቶ ተቀምጦ ሃምሳ ስምንት ሽቦ ፈትቷል፤ ሲጨርስም እንደ ቤቱ ባለቤት ሁሉን አስተካክሎ ወጥቷል።

የቀሩት ሦስቱ 17፣ 33 እና 48 ቁጥር ናቸው። ከሌሎቹ በምን እንደተለዩ ለማየት ወደ ብርሃን አውጥቶ አገላበጣቸው። መንጋጋ መንጋጋ ነው፤ ምንም አልታየውም።

«ድሮስ ይኼ በመሳቢያ የሚቆለፍ ነገር ነበር?» አሉ ከሕዝቡ መሀል ዶን ኢላሪዮ ሾል። የመንደሩ አዋቂ ናቸው፤ ለታመመ ቅጠል የሚበጥሱት፣ ለዝናብ የሚለምኑት እሳቸው ናቸው።

«ዶን ኢላሪዮ፣ እባክዎ አሁን የእርስዎ ሰዓት አይደለም!» ብሎ ጮኸ ሊቀመንበሩ። ከዚያ ወደ ኢንስፔክተሩ ዞረ። «ስማ አንሰልሞ፣ የዚህ በር ቁልፍ ያለው ሁለት ሰው ዘንድ ነው። አንዱ እኔ ነኝ። ሌላው ያ የቆመው ነው።»

ሁሉም ዞሮ አየ። የአዳኞቹ አለቃ ናዛሪዮ ፖት ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ ከበሩ ጥግ ቆሟል። ናዛሪዮ የአንሰልሞ ሴት ልጅ የክርስትና አባት፣ የሃያ ዓመት አበ ልጁ ነው። እውነቱን ለመናገር ይህን ጉዳይ ሌላ ሰው ቢይዘው ይሻል ነበር፤ ግን ጣቢያው ያሉት መርማሪዎች ሁለት ብቻ ናቸው፣ ሁለተኛው ደግሞ የዶን ጉመርሲንዶ አማች ነው።

ነገሩ የአጥንት ብቻ ቢሆን ማንም ባልተንጫጫ። ሽካቢል በጫካው የሚያድነው በፈቃድ ነው፤ በዓመት ይህን ያህል ወንድ፣ ይህን ያህል ሴት ተብሎ ይሰጠዋል። የአጋዘን ዕድሜ የሚታወቀው በጥርሱ መበላት ስለሆነ አዳኞቹ የእያንዳንዱን መንጋጋ በአለቃቸው ቤት አስጠርገው ያስቀምጣሉ። አርብ ባዮሎጂስቷ መጥታ የአራቱን ዓመት በአንድ ላይ ታነባለች፤ መንጋው በሚዛኑ መታደኑን፣ ወይም እናትና ግልገል እያለቀ መሆኑን ትናገራለች። በመጋቢት ግን ፊርማ የሌለው ደብዳቤ ለደን ጽሕፈት ቤቱ ደርሷል። ሽካቢሎች ግልገል እየጨረሱ ሥጋውን ለባሕሩ ዳርቻ ሆቴሎች ይሸጣሉ፣ አለቃቸውም ድርሻውን ይወስዳል ይላል። መንጋጋው ካልተገኘ ደብዳቤው እንደ እውነት ይቆጠራል። መንደሩ አምስት ዓመት ከአደን ይታገዳል፣ ናዛሪዮም በስድሳ ሦስት ዓመቱ ወህኒ ይወርዳል።

«አንተው ፍረድ» አለ ጉመርሲንዶ። «መንጋጋው ቢነበብ የሚዋረደው ማን ነው? ቁልፉስ ያለው ማን ጋ ነው?»

ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል። አንሰልሞ ግን ይህን ለራሱ ብቻ ብሎ ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ።

«ለመጨረሻ ጊዜ ያዩት መቼ ነው?»

«እሑድ ጠዋት።»

«ከዚያ ወዲህ ማን ሊገባ ይችላል?»

«ሌሊት ጠባቂው ከነውሻው በሩ ላይ ነው የሚተኛው። ትናንት ሙሉ ቀን ደግሞ የሕፃናት ክትባት ነበር፤ እናቶቹ ከዚህ በር ንቅንቅ አላሉም።»

«እሑድ ቀንስ?»

የሊቀመንበሩ ፊት ጠቆረ። «እሑድ ቀን ቤዝቦል ነበር» አለ።

*

አሥራ አራቱ አዳኞች አንድ በአንድ ተጠየቁ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት መልስ ሰጡ። ሽካቢል በገዛ ሜዳው በጎረቤት መንደር አሥራ አንድ ለሁለት ተሸንፏል። ማን ኳስ እንደጣለ፣ ማን ዳኛውን እንደሰደበ ሁሉም ያስታውሳል። ዳኛው ጉመርሲንዶ ስለነበር የሰደበው ብዙ ነው። ናዛሪዮ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ነጥብ ሲመዘግብ ውሏል። እንግዲህ ሌባው መንደሩ በሙሉ ሜዳ ላይ ሲያፍር፣ በጠራራ ፀሐይ ገብቶ ወጥቷል ማለት ነው።

«ከጨዋታው የቀረ ማን ነው?» አለ አንሰልሞ።

«ዶን ኢላሪዮ፤ ኳስ አይወዱም» አለው አንዱ አዳኝ። «አሳማ ነጋዴው ፖርፊሪዮም አልነበረም። ቀዩ መኪናው ግን በመንደሩ መውጫ ሲያልፍ አይተናል።»

«ሴቶቹስ?»

«ምነው በቀሩልን! ከጎረቤት መንደር ጋር ሆነው ሲስቁብን ነው የዋሉት።»

አንሰልሞ ወደ ናዛሪዮ ቤት አቀና። አበ ልጁ የገመድ አልጋው ላይ ተጋድሟል። ሸሚዙ ሰፍቶት ትከሻው ላይ ተንጠልጥሏል። ከየካቲት ጀምሮ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ትኩሳት ይነሣበታል፤ ጤና ጣቢያው ሦስት ጊዜ ደሙን መርምሮ ምንም አላገኘም። ከዚያም የባሰ፣ በዕድሜው ስቶ የማያውቀው ናዛሪዮ ዘንድሮ ስድስት ጊዜ ተኩሶ ስድስቱንም ስቷል። «አጋዘኖቹ ዶን ናዛሪዮን ሲያዩ ቆመው ደህና ዋልክ ይሉታል» እያሉ ልጆቹ ይቀልዱበታል።

«ምነው አበ ልጅ» አለ ናዛሪዮ። «እኔን መጠርጠርህ ነው?»

«ካልጠረጠርኩህ ጉመርሲንዶ እኔንም ይጨምረኛል። ቁልፉ የት ነው የሚውለው?»

ናዛሪዮ በአገጩ ወደ ምሰሶው አመለከተ። ሁለት ሚስማር ተመትቶበታል፤ ቁልፉ በቀይ ክር ከላይኛው ላይ ተሰቅሏል። ናዛሪዮ አየው፣ ትንሽ ቆይቶ እንደገና አየው፣ ከዚያ ዓይኑን ወደ እግሩ ሰበረ።

ሚስቱ ዶኛ ፊደንሲያ ባቄላና እንቁላል፣ ትኩስ የበቆሎ ቂጣ ይዛ ገባች። ይህች ሴት ወሬ ትወዳለች። የቤቱ በቀቀን ተራ አላገኝ ብሎ ነው የጠፋው ይባላል። ዛሬ ግን ሳህኑን አስቀመጠች፣ ኮምጣጣውን ብርቱካን ጨመቀችበት፣ «ብላ» አለች፣ አለቀ።

«እሑድ አንቺም ጨዋታው ላይ ነበርሽ፣ አበ ልጅ?» አላት።

«ቹንያ መንደር፣ እህቴ ጋ ነበርኩ» ብላ ወደ ጓሮ ወጣች።

«ምን ሆናለች?»

«ጥርሷን ታማለች» አለ ናዛሪዮ ቀና ሳይል።

*

ፖርፊሪዮ ላራ አሳማ ገዝቶ ለሆቴሎች የሚሸጥ ሰው ነው። ባለፈው ዓመት የአጋዘን ሥጋ በበረዶ ሸፍኖ ሲያሳልፍ ናዛሪዮ ነበር አስይዞ ያስቀጣው። ቂሙን ማንም ያውቀዋል። አንሰልሞ ግቢው ሲገባ ከማድቤቱ አጠገብ ጆንያ ቆሞ አየ፤ አፉን ፈታ፣ እጁን ሰደደ፣ ያወጣውም መንጋጋ ነበር። ግን ክራንቻው እጅግ ረጅም ነው፤ አጋዘን ደግሞ እንዲህ ያለ ክራንቻ የለውም።

«የአሳማ ነው ኢንስፔክተር» አለ ፖርፊሪዮ ከኋላው። «ቱሪስት አንገቱ ላይ ያስረዋል።»

«የአሳማ ጥርስ መሆኑን ትነግራቸዋለህ?»

«የነብር ነው እላቸዋለሁ እንጂ! ደስ ይላቸዋላ።»

«እሑድ ቀን የት ነበርክ?»

«ከእናንተ ጋ።»

«ከማን ጋ?»

«ከፖሊስ ጋ ነዋ! ቅዳሜ ጠጥተሃል ብላችሁ አስገብታችሁኝ ሰኞ ጠዋት ነው የለቀቃችሁኝ። መኪናውን ወንድሜ ነው የነዳው። ትራሳችሁ ደግሞ ቁንጫ አለበት።»

አንሰልሞ ወደ ጣቢያው ደወለ፤ እውነት ነው። ሰውየው በገዛ ፖሊሶቹ ምስክርነት ነፃ ወጣ። የቀረችው አንዲት ጥያቄ ነች።

«ደብዳቤውን የጻፍከው አንተ ነህ?»

«እኔ መጻፍ ብችል አሳማ እሸጥ ነበር?» አለ ፖርፊሪዮ፤ ግን ጆሮው ቀልቶ ነበር። መጻፍ ለማይችል ሰው የሚጽፍ ዘመድ አይጠፋም። ደብዳቤና መንጋጋ ግን የተለያየ ነገር ነው፤ ደብዳቤውን ያስጻፈ ሰው መንጋጋው ቢጠፋለት ቢወድም፣ ጠራርጎ ይሮጣል እንጂ ሽቦ እየፈታ አይውልም። አንሰልሞ በዚህ ሐሳብ እየተብሰለሰለ ወደ ዶን ኢላሪዮ ቤት ሄደ።

ሽማግሌው በር ላይ ተቀምጠው በቆሎ ይፈለፍላሉ።

«እሑድ ቀን የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ሰው መጥቶብኝ ነበር።»

«ማን?»

«የመጣ ሰው።»

«ዶን ኢላሪዮ፣ እኔ እኮ ፖሊስ ነኝ።»

«አውቃለሁ። እትብትህን የቆረጠችው እህቴ ናት» አሉና ሌላ በቆሎ አነሡ። «ያን ሣጥን ሲያመጡ ተናግሬ ነበር፤ ማን ይስማኝ። ባለቤት ያለውን ነገር መቆለፍ ጥሩ አይደለም። አባትህ ቢኖር ይነግርህ ነበር።»

የፈለፈሉትን ወደ ቅርጫቱ አፈሰሱ።

*

ሐሙስ ከሰዓት በፊት ናዛሪዮ ብርድ ልብሱን አጥፎ፣ በአውቶቡስ ተሳፍሮ፣ ከተማ ጣቢያው ድረስ መጣ። ለፊደንሲያ ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ ብሎ ነው የወጣው። ከአንሰልሞ ጠረጴዛ ፊት ቆመ።

«እኔ ነኝ የወሰድኩት። እሰረኝ።»

«ተቀመጥ መጀመሪያ። መቼ ወሰድከው?»

«እሑድ፣ ሰው ጨዋታው ላይ ሳለ።»

«ያኔ ነጥብ እየመዘገብክ ነበር። አሥራ አንዱንም በገዛ እጅህ ነው የጻፍካት።»

«መሀል ላይ ወጥቼ ተመለስኩ።»

«ሽቦውን በምን ቆረጥከው?»

«በጉጠት።»

«ሽቦው አልተቆረጠም፣ አበ ልጅ።»

ናዛሪዮ ባርኔጣውን በጉልበቱ ላይ አዞረው።

«ሦስቱን ለምን ተውካቸው?»

«ከበዱኝ።»

ሦስቱ በአንድ ላይ የባርኔጣውን ያህል እንኳ አይመዝኑም። አንሰልሞ ለመሳቅም ለማልቀስም ቃጣው። ይህ ሰው ስድሳ ሦስት ዓመት ሲኖር ውሸት ሳይለማመድ ነው የኖረው፤ አሁን በእርጅናው ሲሞክራት እንደ ሕፃን ታደናቅፈዋለች።

«ሰው እየሸሸግህ ነው።»

«እሰረኝ አልኩህ እኮ! ፖሊስ አይደለህም እንዴ?» ብሎ ጮኸ ናዛሪዮ፤ ወዲያው ሳል ያዘው። ሳሉ ሲተወው በቀስታ አለ፦ «መዝገቡን ዝጋው። ማንም ሰው ቤቴ ገብቶ አይጠይቅብኝ። ሌላ አልለምንህም።»

አንሰልሞ የእስር ክፍሉን ከፍቶ አስገባው፤ በሩን ግን አልቆለፈም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትኩሳቱ በሰዓቱ መጣ። አበ ልጁ ከስስ ፍራሹ ላይ ሲንቀጠቀጥ እያየ፣ የራሱን ኮት ደረበለት። ይወደዋል፤ የሚወዱትን ሰው ታስሮ ማየት ደግሞ ለካ ከባድ ነው።

ከዚያ ከጉመርሲንዶ የተዋሰውን የአደን መዝገብ ከፈተ። ገጹ በናዛሪዮ ደቃቅ ጽሕፈት ተሞልቷል። 17 ቁጥር፣ በመንገድ ላይ የጭነት መኪና የገጨው። 33 ቁጥር፣ ነብር ገድሎት የተገኘ። 48 ቁጥር፣ የውሃ ዋሻ ውስጥ ወድቆ የሞተ። ሌሎቹ ሃምሳ ስምንቱ ሁሉ በጠመንጃ የተገደሉ ናቸው፤ ማን እንደመታቸው ስሙ ከጎናቸው አለ።

አንሰልሞ መዝገቡን ዘጋው። ሁለት ቀን ሙሉ የወሰደውን ሰው ሲፈልግ ለምን እንደተወሰደ አልጠየቀም ነበር። አባቱ በየዓመቱ የገደላቸውን አጋዘኖች መንጋጋ በከረጢት አድርጎ ወደ ጫካ ይዞ ይሄድ ነበር፤ ለአጋዘኖቹ ጌታ ሊመልስለት። ጌታው አጥንቱን ተቀብሎ ሥጋ ያለብሰዋል፣ ጫካው አይጎድልም። የገደለውን ይዞ የሚያስቀር አዳኝ ግን መጀመሪያ ዒላማው ይስተዋል፣ ቀጥሎ ገላው ይታመማል። ሽካቢል አራት ዓመት ሙሉ አንድም አልመለሰም። መኪና የገጨውንና ነብር የበላውን ማንም አይጠየቅበትም፤ ስለዚህ ሦስቱ ቀሩ።

የትኛውን ምን እንደገደለው በቁጥሩ ብቻ የሚያውቅስ ማን ነው? መዝገቡ ሊቀመንበሩ ዘንድ ነው። አዳኞቹ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ያውቃሉ። ስድሳ አንዱንም መንጋጋ ቀቅሎ፣ ፍቆ፣ ቁጥሩን በሽቦ ያሰረ ግን አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የአለቃው ሚስት ፊደንሲያ። የራሷን ቋጠሮ እንዴት እንደሚፈታ ታውቃለች።

ወደ ቹንያ ደወለ፣ ለእህትየዋ።

«ፊደንሲያን? ከፋሲካ ወዲህ አላየኋትም። ምነው፣ ታማለች እንዴ?»

«ጥርሷን» አለና ስልኩን ዘጋ።

*

አርብ ጎህ ሲቀድ መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ ጫካ ገባ። የአዳኝ ልጅ ሁሉ ቦታውን ያውቀዋል፤ ከዱካው በስተምሥራቅ መሬቱ ሰምጦ ጎድጓዳ የሠራበት፣ ዛፎቹ ከሌላው ጫካ የሚረዝሙበት ነው። አንድ ሰዓት ያህል ተጓዘ። እሾህ ሸሚዙን ቀደደው።

መንጋጋዎቹ እዚያ ናቸው። በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በረድፍ በረድፍ ተደርድረው ወደ ፀሐይ መውጫ ይመለከታሉ። ፊደንሲያ ከፊታቸው ተንበርክካ የበቆሎ መጠጥ በቅል እየቀዳች ነው።

«ደህና አደርክ አበ ልጅ» አለች ቀና ብላ። «ሸሚዝህ ተቀዷል።»

«ይኼ ምንድን ነው ፊደንሲያ?»

እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሰባት ጣት አሳየችው፤ ከዚያ አንዱን አጠፈች።

«ሰባት ቀን ነገሩን ከአፍሽ እንዳታወጪ ተብለሻል? አንድ ቀን ይቀርሻል?»

ጭንቅላቷን በአዎንታ ነቀነቀች። አንሰልሞ ከጎኗ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። በሃያ ሰባት ዓመት አገልግሎቱ ብዙ ዝምተኛ ጠይቋል፤ ወሬ የምትወድ ሴት ዝም ስትል ግን ይህ የመጀመሪያው ነው።

«እሺ፣ እኔ ልናገር፣ አንቺ ነቅንቂ። ናዛሪዮ ታመመ። ሐኪሞቹ ምንም አላገኙም። ዶን ኢላሪዮ ዘንድ ሄድሽ፤ መንጋጋው ስላልተመለሰ ነው አሉሽ።»

ነቀነቀች።

«እሑድ ሰው ሁሉ ጨዋታው ላይ ሲሆን ቁልፉን ወስደሽ ገባሽ። ስትመለሺ በሌላኛው ሚስማር ላይ ሰቀልሽው።»

ይህን አላወቀችም ነበር፤ ግንባሯን መታች።

«ናዛሪዮ ግን አየው። አየና ገባው። ትናንት ጣቢያ መጥቶ እኔ ነኝ ብሎ ታሰረ።»

ቅሉ ከእጇ ወደቀ። ሐኪም ዘንድ ያለ መስሏት ነበር። እንባዋ ቁልቁል ወረደ፣ አፏ ተከፈተ፣ ቃሉ ጫፍ ላይ ደረሰ፤ ከዚያ በሁለት እጇ አፏን ግጥም አድርጋ ያዘች።

«ካልተናገርሽ ሊፈረድበት ይችላል እኮ!» አለ አንሰልሞ ተቆጥቶ። «ይገባሻል?»

ይገባኛል ብላ ነቀነቀች። እጇን ግን ከአፏ አላነሣችም። ቁጣው ወዲያው በረደለት፤ በዚያች ሴት ላይ ማን ሊቆጣ ይችላል?

«ባዮሎጂስቷ አራት ሰዓት ላይ ትመጣለች። ላንሣቸው?»

ፊደንሲያ ዘልላ በመንጋጋዎቹ ላይ እጆቿን ዘረጋች።

«ባይነሡስ? መጥታ ብታያቸው ብቻስ? አንቺ አልተናገርሽም፣ እኔ ነኝ ያገኘሁት። ማየት ደግሞ መናገር አይደለም።»

መንጋጋዎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። ከዚያ ቀስ ብላ እጆቿን ሰበሰበች።

«ሰኞ ደግሞ ናዛሪዮን ትልቁ ሆስፒታል እወስደዋለሁ፤ ጌታው ቢቀየምም ባይቀየምም።»

እሱንማ በደስታ ነቀነቀች። ጌታውም ሐኪሙም ቢረዱት እሷ ምን ገዷት!

*

ባዮሎጂስቷ ሮሳውራ መዲና ቦት ጫማ ያደረገች፣ ቁጥብ ሴት ነበረች። ጉመርሲንዶ ከኋላዋ እያለከለከ ሲከተላት፣ ጎድጓዳው አፋፍ ላይ ቆማ ለረጅም ጊዜ ተመለከተች።

«እነዚህን ወደ ላቦራቶሪ መውሰድ አለብኝ» አለች።

«አይቻልም» አለ አንሰልሞ።

«በምን ሕግ?»

«ምርመራዬ አልተዘጋም። ማስረጃ ከተገኘበት ቦታ አይነሣም።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ ነገ።»

ሮሳውራ ኢንስፔክተሩን አየችው፤ ከዚያ በእንባ ያበጠውን የፊደንሲያን ዓይን አየች፤ የፈሰሰውን የበቆሎ መጠጥ አየች። ሌላ አልጠየቀችም። መብራቷን ግንባሯ ላይ አስራ በጉልበቷ ወረደች።

መንጋጋዎቹ የተደረደሩት በቁጥራቸው ተራ ነበር፤ በ17፣ በ33 እና በ48 ቦታ ትንንሽ ድንጋይ ተቀምጧል። እያንዳንዱ በራሱ ተራ እንጂ እንዲያው በጅምላ አይመለስም። ሮሳውራ ቁጥሮቹን ከመሳቢያው አስመጥታ አጠገባቸው አኖረች፤ እያነበበችም ከመዝገቡ ጋር አመሳከረች። አንዳንዱን ስትጠራጠር ፊደንሲያ በጣቷ የተሰበረ ጥርስ ወይም አሮጌ ጠባሳ ታሳያታለች፤ መዝገቡም ልክ እንዲያ ይላል። አራት ሰዓት ሙሉ ፈጀ። ጉመርሲንዶ ትንኝ ሲያባርር ቆየ።

«ከሁለት ዓመት በታች ያለችው አንዲት ብቻ ናት» አለች ሮሳውራ ጉልበቷን እያሸች። «26 ቁጥር።»

አንሰልሞ መዝገቡን ገለጠ። «እግሯ ተሰብሮ የተገኘች፤ እንዳትሰቃይ የተገደለች» ብሎ አነበበ።

«ሌላው በሙሉ የደረሰ ነው። ዘጠኝ መንደር አይቻለሁ፤ እንደዚህ ተጠንቅቆ ያደነ አላጋጠመኝም። መንጋው በሚዛኑ ነው። ደብዳቤውን የጻፈው ሰው አጋዘን አይቶ አያውቅም።» ደብተሯን ዘጋች። «ካነበብኩት በኋላ ደግሞ አጥንቱ ለእኔ ምንም አይሠራልኝ። ከዘንድሮ ጀምሮ በየዓመቱ መጥቼ አነባለሁ፤ እናንተም ትመልሳላችሁ።»

ጉመርሲንዶ ባርኔጣውን አወለቀ። «እኔ እኮ ድሮም ናዛሪዮን…»

«አዎ፣ ድሮም» አለ አንሰልሞ። ሪፖርቱን እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጻፈ። የማኅበሩ ንብረት በማኅበሩ ጫካ ውስጥ በሙሉ ተገኝቷል፤ ሌባ የለም።

*

ጣቢያው ሲደርሱ አሥራ አንድ ሰዓት አልፏል። ናዛሪዮ ትኩሳቱ ተነሥቶበት ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ተቀምጧል። ፊደንሲያ እግረ መንገዷን ከቤት ያሞቀችውን ምግብ በጨርቅ ቋጥራ ከጎኑ ተቀመጠች። አንሰልሞ ሁሉንም ነገረው፤ መንጋጋው የት እንዳለ፣ ማን እንደወሰደው፣ ለምን እንደወሰደው፣ ባዮሎጂስቷ ምን እንዳለች። ናዛሪዮ መንጋው በሚዛኑ ነው የሚለውን ሲሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፣ ከትኩሳቱ ብቻ አልነበረም።

ከዚያ ዞሮ ሚስቱን ተመለከታት።

«መታሰሬን መቼ ነው የሰማሽው?»

«ዛሬ ጠዋት ነገርኳት» አለ አንሰልሞ በእሷ ፈንታ።

«ከዚያስ?»

«ዝም አለች።»

«ዝም!» አለ ናዛሪዮ። «አርባ ዓመት አንድ ቀን ዝም ብለሽ የማታውቂ ሴትዮ፣ እኔ ስታሰር ዝም አልሽ? እስር ቤት ልታስቀሪኝ ነበር?»

ፊደንሲያ ቋጠሮውን ፈታች። ስለ መንጋጋው እስከ ነገ አትናገርም፤ ይኼኛው ግን የመንጋጋ ነገር አይደለም። ብርድ ልብሱን ትከሻው ላይ አስተካከለች፣ ቂጣውን ቆርሳ እጁ ላይ አስቀመጠች።

«ለሙት ምግብ የሚቀርብለት በዓመት አንድ ቀን፣ በሙታን በዓል ነው» አለችው። «ለእስረኛ በየቀኑ ይወሰድለታል። ብላ።»